እማዬና አባዬ ለፋሲካ መጡ

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9፣ ጠዋት

ናቲ እንቁላሉን መኝታ ቤት ገብቶ በላ። በር ዘግቶ፣ እንደ ሌባ። በገዛ ቤቱ። ሽታው ሳሎን ሲደርስ እማዬ ነጠላዋን ወደ አፍንጫዋ ሳብ አደረገች። ሰሙነ ሕማማት ነው፣ እሷ ትጾማለች። ባሌ ጴንጤ ነው፣ አይጾምም። ሁለቱም ልክ ናቸው። መሃል ላይ እኔ አለሁ።

ግን መጥተዋል፣ ማስታወሻዬ። ይኸው ኮተቤ፣ ሶፋዬ ላይ። ጴንጤ አገባች ብለው ሠርጌ ላይ ያልተገኙ፣ ሶሊያና ስትወለድ ያልመጡ፣ ትንሹን ኤቢን በስልክ ብቻ የሚያውቁት ወላጆቼ። ከመንዝ ድረስ። አባዬ ኤቢን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጺማቸውን ያስጎትቱታል። መ/ቤት መሄድ አስጠላኝ። ስኳል አለቀስኩ፣ እንደገና ተኳልኩ። ይቅር ብለውኛል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ከሾላ ስመለስ እጄ ሊበጠስ። ቅቤ፣ ዶሮ፣ የሽንኩርት ዓይነት። እማዬ እየከተፈች የልጆቹን የክርስትና ስም ጠየቀችኝ። የላቸውም አልኳት። ከናቲ ጋር ስንጋባ ተስማምተናል፤ ሲያድጉ ራሳቸው ይመርጣሉ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ፣ አለች። ስለ ወጡ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሽንኩርቴን መላጥ ቀጠልኩ። ዓመት በዓል ነው።

እሑድ፣ ፋሲካ

በጉን የገዛው ናቲ፣ ያረዱት አባዬ። ናቲ ቢላውን ሲያነሳ ቀስ ብለው ተቀበሉት፤ አንተ እግሩን ያዝ አሉት። ያዘ። ሳቀም። ማታ ሁላችንም ከአንድ ትሪ በላን። ሶሊያና ሴት አያቷን ካላጎረስኩ ብላ ፊቷን በወጥ ለቀለቀቻት። እንዲህ ያለ ቀን ካለ ለካ ሰባት ዓመት ይጠበቃል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15፣ ማታ

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ት/ቤት ዝግ ነው። አባዬና እማዬ ሶሊያናን ይዘው ማልደው እንጦጦ ወጡ፤ ጫካውን እናሳያት፣ እዚያ ያለችውን ዘመዳችንንም እንጠይቃት ብለው። ደስ ብሎኝ ጃኬት ደረብኩላት። ከሥራ ስገባ ልጄ ግንባሯ ወዝቷል፣ አቧራ ጠጥቷል። ጎትቼ ወደ ሳሙና። ግንባሯን፣ ጆሮዋን፣ እጇን ፈተግኩ። እማዬ ከሳሎን ሮጣ መጥታ እጄን ያዘች። ዛሬ ውሃ አይንካት አለች። ለምን? የነገረችኝ ሶሊያና ናት። ከሹራቧ ሥር ጥቁር ክር መዘዘች። ወለተ ማርያም ነኝ አለች፣ እየሳቀች።

የተቀባችውን ሜሮን በሳሙና አጥቤ ጨርሻለሁ። እማዬ ሰው እንደሞተባት አለቀሰች። ክርስትና ጠልቼ አይደለም፤ በዚያው ክር ነው ያደግኩት። ግን ልጄን ክርስትና ሲያስነሱ እኔን ሳይጠሩ? እማዬ እያለቀሰች ሁሉንም አወጣችው፤ ቀኑ የተያዘው በስልክ ነው፣ ገና ሳይመጡ። ክርስትና እናቷ ያቺው ዘመድ ናት። ነጩ ቀሚስ በእማዬ ሻንጣ ከመንዝ መጥቷል። ለቄሱ፣ እናቷ ፈቅዳለች ብለዋል።

ገባሽ? ለእኔ አልመጡም።

ሐሙስ

ሶሊያና ቁርስ ላይ ለአባቷ ዘከዘከችው። እናቷ ፈቅዳለች የተባለውንም ጭምር። ናቲ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። እያወቅሽ ነው አለኝ። ማልኩለት። መሐላ ደግሞ እሱ ዘንድ አይሠራም። ክሩን ልፍታ ሲል ሶሊያና አንገቷን በሁለት እጇ ይዛ አልጋ ሥር ገባች። እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

አባዬ አሁን በሰላም እሞታለሁ አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነው። እሳቸው በሰላም እንዲሞቱ እኔ ትዳሬን ልቅበር?

ዓርብ፣ ሚያዝያ 17

ሰኞ ነበር የሚሄዱት። ዛሬ ልብስ ላሰጣ ስወጣ አባዬ በረንዳ ላይ በስልክ ያወራሉ። ከእንጦጦዋ ዘመድ ጋር። የወንዱን እሑድ እናድርገው፣ እናቱ ቤት ስለምትሆን ለመሳለም ነው እንላታለን።

ባልዲውን አስቀመጥኩ። በሕይወቴ አባቴን ዓይናቸውን አይቼ ተናግሬ አላውቅም። ኤቢን አይነኩብኝም አልኳቸው። ደማችን ነው አሉ። ደምዎ ነው፣ ግን እናት አለው፣ እናቱ ደግሞ ልጅዎ ነበረች አልኩ። ስልኩን ኪሳቸው ከተው ፊታቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። እማዬ ኩሽና በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አልገባችም፣ አልወጣችም።

ነገ ጠዋት ላምበረት መናኸሪያ ወስጄ አሳፍራቸዋለሁ። ቡናና ስኳር ገዝቻለሁ፤ ወላጅ ባዶ እጁን አይሸኝም። ናቲ ሲሰማ ጎበዝ ብሎ አቀፈኝ። እጁን ከትከሻዬ ላይ አነሳሁት።

የሶሊያና ክር እንዳለ ይቆያል። አባዬ ልጆቹን ስመው መሰናበት ከፈለጉ እዚሁ ሳሎን፣ እኔ ቆሜ እያየሁ።