ያንብቡልኝ ያለኝ ሰው

ጥቅምት 4
ዛሬም ኮሌታ። ነገም ኮሌታ። የተማሪ ዩኒፎርም ትእዛዝ ገብቶ ስፌት ቤቱ በሰማያዊ ጨርቅ ታፍኗል። ወገቤ ለሁለት ሊቆረጥ ነው።

ከጎኔ የምትቀመጠው ቁልፍ ሰፊዋ አፏ አያርፍም። ስልኳን አውጥታ ሽልማት ደርሶሻል የሚል መልእክት አሳየችኝ። አንቺ እንግዲህ አንባቢ ሆነሻል፣ እስቲ ምን ይላል? አለች። አሹፋ ይሁን ከልቧ... እንጃ። አነበብኩላት። ቀስ ብዬ ነው የማነበው፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ሳልጨርስ ሰማያዊውን ጽሑፍ ነካችው። ምንም ሽልማት የለም። "ድሮስ የኔ ነገር" ብላ ስልኩን ኪሷ ውስጥ ወተፈችው።

ጥቅምት 7
አንዲት ደንበኛ ደረሰኙን ከእጄ ላጥ አድርጋ ወሰደች። ቀኑን ሙሉ እጄ ሥራ እንቢ አለኝ። መርፌ ሰበርኩ።

ሚጡም እንደዚሁ ነው ያደረገችኝ። ታናሽ እህቴ። እናታችን የሞተች ሰሞን፣ ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቶ፣ የቤቱን ወረቀት ይዤ ቆሜ ሳለ ከእጄ ነጠቀችኝ። "አምጪው እስቲ፣ አንቺ ምን ታነቢዋለሽ?" አለች። ሰው ሰማ። ጥግ ላይ አንዱ ሳቀ። እሷን ያስተማራት እኮ የኔ የስፌት መኪና ነው! እሷ ደብተር ይዛ ስትወጣ እኔ ፔዳል ስረግጥ ነው ያደግሁት።

ከዚያ ወዲያ አላናገርኳትም። ማታ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደል መቁጠር የጀመርኩትም በዚያው ሰሞን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ለማወቅ ነው እላለሁ። በንዴት ነው።

ቁጥሯ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ለምን አላጠፋውም?

ጥቅምት 11
ከስልክ መሥሪያ ቤት ተደወለልኝ። ጨዋ ድምፅ። "እናቴ፣ መስመርዎ ሊዘጋ ስለሆነ ማረጋገጫ ቁጥር ልከንልዎታል። መልእክቱን ይክፈቱና ያንብቡልኝ።"

ያንብቡልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እኔ ነኝ ሰው አንብቡልኝ ስል የኖርኩት። ደብዳቤ አንብቡልኝ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት አንብቡልኝ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ምን ይላል... አሁን ሰው እኔን ለመነኝ። መነጽሬን አደረግሁ። ቁጥር እንኳ ከድሮም አውቃለሁ፣ ከሜትር ላይ ነው የለመድኩት። አንድ በአንድ ጠራሁለት። "ጎበዝ ነዎት እናቴ" አለኝ። ደስ አለኝ! አፌን ሞልቼ ሳቅሁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ የቀረውን አነበብኩ። ከቁጥሩ ሥር ሌላ መስመር ነበር። "ይህን... ቁጥር... ለማንም... አይስጡ።"

ታዲያ ለምን ንገሪኝ አለ? እሱ የነሱ ሰው ስለሆነ ነው? ይሆናል... ሳልፈልግ ሳልፈልግ ነው የተኛሁት።

ጥቅምት 12
ቁልፍ ሰፊዋ ጠዋት ቤቴ ድረስ መጣች። ምን ሆነሽ ነው? ሆስፒታል ነኝ፣ ገንዘብ ላኩልኝ ብለሽ ጽፈሽልኛል አለች። እኔ? መልእክት የምጽፍበትን ነገር ልከፍት ብል አልገባም አለ። ያ የደወለው ሰውዬ ከራሴ ስልክ አስወጥቶኛል።

የሰፈራችንን መሸታ ቤት ባለቤት፣ የክፍል ጓደኞቼን፣ አስተማሪዬን ሳይቀር በስሜ ለምኗል። ሁሉንም። ሁሉንም ማለት... ሚጡንም?

ጥቅምት 13
ስልክ ሠሪው ጋ ሄድኩ። ሱቁ ከቁም ሣጥን አይሰፋም፣ ምላሱ ግን ሰፊ ነው። ቁጥሩን ለማን ሰጠሽ እናቴ? አለኝ። ነገርኩት። ሳቀ። ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ግን የኔም አክስት ሰጥታለች፣ ሐኪም ናት፣ አለኝ። ሐኪምም ይታለላል ማለት ነው። ትንሽ ቀለል አለኝ... መጥፎ ሴት ነኝ መሰለኝ።

አዲስ ማረጋገጫ ቁጥር አስላከ። ስልኩን ወደኔ አዞረና "እኔም እንዳላይ፣ ራስሽ አስገቢው" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ። ተከፈተልኝ። ሁለተኛ የይለፍ ቃል አላስገባበትም ኖሯል ሌባው፣ ያ ቢሆን እንደዚህ በቀላሉ አንመለስም ነበር አለ። የማላውቀው ስልክ በኔ ስም ገብቶ ተቀምጧል። አስወጣነው። ሁለተኛውን የይለፍ ቃል እኔው አወጣሁ። ምን እንደሆነ እዚህም አልጽፈውም።

ጥቅምት 14
የተጻፈው ሁሉ እዚያው አለ። ሌባው ከሚጡ ጋር ያወራውን ዛሬ አነበብኩ። ከምሳ በፊት ጀምሬ ከምሳ በኋላ ጨረስኩ።

"እህቴ ናፍቀሽኛል" ይላል። እኔን መስሎ። ታምሜያለሁ፣ ሰው የለኝም ይላል። ሚጡ "እትዬ፣ እውነት አንቺ ነሽ?" አለች። "አዎ ማሬ" አላት። ማሬ! እኔ በሕይወቴ ማንን ማሬ ብዬ አውቃለሁ? ያመነችው እንዴት ነው? "በኔ ተቀይመሻል እኮ" አለችው። "ሁሉንም ረስቼዋለሁ፣ ይቅር ብዬሻለሁ" አላት።

ከዚያ እሷ ረጅም ጻፈች። ገንዘቡንም ላከችለት። ከሁሉ ያናደደኝ የላከችው አይደለም። ስንት ዘመን ስጠብቀው የነበረውን ንግግር ለሌባ ተናገረችው። "ስላንቺ ሳስብ እንቅልፍ የለኝም" ትላለች። ለኔ አይደለም እኮ የተጻፈው... ወይስ ለኔ ነው?

መጨረሻ ላይ፦ "ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ጥቅምት 16
ቁጭ ስል እነሳለሁ። ስነሳ እቀመጣለሁ። ኮሌታ ገልብጬ ሰፋሁ።

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? ሌባው ወጥቷል። ሚጡ ትመጣለች፣ እንተቃቀፋለን፣ አለቀ። ደውዬ እንዳልነግራት ድምፅዋን መስማት ፈራሁ።

ጥቅምት 17
ስልክ ሠሪው ዘንድ ጎራ አልኩ። ሌባው ያነበበውን ሁሉ ገልብጦ ይዞት ሊሆን ይችላል አለ። በሌላ ቁጥር ተመልሶ፣ ስልክ ቀየርኩ ብሎ፣ ሚጡን እንደገና ሊያልባት ይችላል።

እንግዲህ ዝም ማለት ቀረ።

ጥቅምት 18
መጣች። ፀጉሯ ሸብቷል። ለካ እሷም ታረጃለች። በሩ ላይ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፣ እኔ ግን እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ተሻለሽ ወይ? አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት። ጠጥታ ስትጨርስ ልነግራት ነበር ሐሳቤ። እሷ ግን "ያን መልእክትሽን ስንቴ አነበብኩት መሰለሽ" አለች። አላስቻለኝም።

"እኔ አይደለሁም የጻፍኩት።"

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ሌባ ነው።"

ስኒው እጇ ላይ ቀረ። "ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውንም?"

"እሱንም።"

ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ደወለው ሰውዬ፣ በጥድፊያ ዘከዘክሁላት። ገንዘቡ ገደል ይግባ አለች። ከዚህ በኋላ በኔ ስም የሚጽፍ ሰው ከመጣ እኛ ሁለታችን ብቻ የምናውቀውን ነገር ጠይቂው፣ ካልመለሰ እኔ አይደለሁም አልኳት። ቦርሳዋን አንሥታ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "እኛ ሁለታችን ብቻ የምናውቀው ነገር አለ እንዴ፣ እትዬ?"

ሻይዋን አልጠጣችም።

ጥቅምት 20
እውነቱን በመናገሬ ምን አተረፍኩ? ሌባው እንኳ ከኔ ይሻላል፣ አባብሏታል።

ጥቅምት 24
ሬዲዮ ላይ ስለዚህ ነገር የሚያወራ ዝግጅት አግኝቻለሁ። ጆሮዬን ለጥፌ እሰማለሁ። ዘመድ መስሎ በድምፅም የሚደውል መጥቷል አሉ። ስልኩ አድሰኝ ሲል በኋላ እያልኩ አልፈው ነበር፣ ለካ ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈኛው እሱ ነው። አደስኩት።

ቁልፍ ሰፊዋን ያንን የሽልማት መልእክት አስጠፋኋት። ስልኳንም ሠሪው እንዲያየው ወሰድኩላት፣ አንድ የማታውቀው ነገር ተጭኖበት ተገኘ። አሁን መልእክት በመጣላት ቁጥር መኪናዬን ታስቆመኛለች። አለቃው ኮሌታውን ማን ይስፋው እያለ ያጉረመርማል። እስከ መጨረሻው መስመር ሳላነብልሽ ምንም አትነኪም ብያታለሁ።

ከሚጡ ምንም የለም። ስልኩን ምን ያህል ጊዜ እንደማየው እኔው አፍራለሁ።

ጥቅምት 28
የለም።

ኅዳር 1
ከምሳ ስንመለስ ስልኬ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር። "እትዬ፣ ሚጡ ነኝ። ስልክ ቀየርኩ። ነገ ልምጣ?"

ቃል በቃል ስልክ ሠሪው የተናገረው! ጓሮ ወጣሁ። ተመለስኩ። እንደገና ወጣሁ። ሌባ ቢሆንስ? እሷ ብትሆንና ብዘጋባትስ? ጻፍኩ። ፊደል እየፈለግሁ፣ እየሳትኩ፣ እያጠፋሁ። "ሚጡ ከሆንሽ ልጆች ሳለን አልጋ ሥር ምን ደበቅን?"

ጠበቅሁ።

"የጎረቤት ድመት። እናታችን ስትገባ አንቺ አስነጠስሽ፣ የተገረፍኩት እኔ።"

ብቻዬን ሳቅሁ። ቁልፍ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ አየችኝ። ልመልስላት ስል ሌላ መጣ።

"አሁን ተራው የኔ ነው። አንቺስ እትዬ መሆንሽን በምን አውቃለሁ? በእናታችን ለቅሶ ወረቀቱን ከእጅሽ ስነጥቅ ምን አልኩሽ?"

የሰማው ሰው ሁሉ ያን ዕለት ማታውኑ ረስቶታል። እሷም ረስታዋለች ብዬ ነበር። ብቻዬን የተሸከምኩት ነበር የመሰለኝ... ለካ እሷም ይዛው ኖራለች።

ጻፍኩት። "አንቺ ምን ታነቢዋለሽ አልሽኝ።"

እየጻፈች ነው ይላል። ይጠፋል። ደግሞ እየጻፈች ነው ይላል።

"አዎ። እንደዚያ ነው ያልኩሽ። አሁን ራስሽ አነበብሽው። አንቺ ነሽ።"

በጣቴ እየተከተልኩ እስከ መጨረሻው መስመር አነበብኩት። ማሬ የሚል የለበትም። እሷው ናት።

"ነይ" ብዬ ላክሁላት። "ግን ሻይሽን ጠጥተሽ ነው የምትሄጂው።"