ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ስለተሰቀለችው እናቴ

ለክቡር የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የተከበረ ቤተሰብዎን፣ የምክትሎችዎን፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍልዎን፣ በተለይም ደግሞ የፎቶ አንሺዎን ጤንነት አጥብቄ እጠይቃለሁ። የፎቶ አንሺውን ጤንነት ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። የእናቴ ዓይን በእሱ ደህንነት ላይ ተንጠልጥሎ ስለከረመ፣ እሱ ባስነጠሰው ቁጥር እኛ ቤት ውስጥ ስንደነግጥ ነበር።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቆሜ ነው። ፀጉር አስተካካይ ነኝና መቆም ልማዴ ነው፤ ዛሬ ግን ደንበኛ በሌለበትም መቀመጥ አቅቶኝ፣ አንድ መስመር ጽፌ ወደ በሩ፣ ሌላ መስመር ጽፌ ወደ መስታወቱ ስመላለስ አረፈድኩ። እናቴ ከዛሬ ነገ ሱቅ ካልመጣሁ እያለች ነው፤ እኔ ደግሞ እንዳትመጣ የምሰጣት ሰበብ አልቆብኛል።

እናቴን ክቡርነትዎ በአካል ላያውቋት ይችላሉ፤ ከተማው ግን ያውቃታል። ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ግድግዳ ላይ፣ ድርጅትዎ ባሰቀለው ግዙፍ ባነር፣ ዓይኖቿ ነጭ ሆነው ወደ ሰማይ አንጋጣ፣ ትከሻዋ ላይ ቡትቶ ጣል ተደርጎባት የምትታየው አሮጊት እሷ ናት። ከሥሯ «ጧሪ ቀባሪ የላትም፤ ብርሃኗን እንመልስላት» የሚል ተጽፏል። ጧሪዋ እኔ ነኝ፤ በዚህ አጋጣሚ ለመተዋወቅ ያህል ነው።

ሱቄ ጠባብ ናት። አንድ ወንበርና አንድ ትልቅ መስታወት አለኝ፤ በሩ ወደ መንገዱ ስለሚከፈት፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው በመስታወቱ ውስጥ ከራሱ ፊት በስተጀርባ የእናቴን ፊት ያያል። አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል። ሌላው የዘንድሮ ልጅ ምን ይረባል ይላል። ባለፈው አንድ ደንበኛዬ፣ ምላጬ ጉሮሮው ላይ እንዳለ፣ ይህችን የመሰለች እናት ጥሎ የጠፋ ልጅ የትም አይደርስም ብሎ ረገመኝ። እኔም እጄን አረጋግቼ፣ ጢሙን ጨርሼ፣ ሎሽን ቀብቼ ሸኘሁት። ለዚህ ትዕግሥት ያበቃኝ ድርጅትዎ ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

የድርጅትዎን ሥራ ስፋት አላውቅም እንዳይሉኝ። የግቢያችሁ በር ላይ የተጻፈው ዓላማ ለአረጋውያን፣ ለሕፃናት፣ ለንጹሕ ውሃ፣ ለደን፣ ለእናቶች ጤናና ለባዘኑ ውሾች ሲል በሩ ስላልበቃው፣ ጽሑፉ በአጥሩ በኩል ዞሮ ጎረቤታችሁ የብረታ ብረት ሠራተኛው ግድግዳ ጋ ደርሷል። እሱም እስካሁን አልከፋውም፤ አንድ ቀን ለእኔም ይደርሱልኛል ብሎ ተስፋ ያደርጋል። እኔም ያው በዚህ ተስፋ ነው የተያዝኩትና ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ እናቴን ስላገኛችሁበት ቀን አመሰግናለሁ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የሱቄ በር ላይ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ መዋል ልማዷ ነበር፤ ደንበኞቼን በድምፃቸው ለይታ፣ የእገሌ ልጅ መጣህ፣ እናትህ ተሻላት ወይ እያለች ትቀበላቸዋለች። ባልደረቦችዎ በመኪና ሲያልፉ አይተዋት ወረዱ። የዓይን ሞራ ነው፣ ቀላል ቀዶ ጥገና ነው፣ እኛ እናሠራላታለን አሉ። የዚያን ዕለት ቤታችን ውስጥ የነበረውን ደስታ መግለጽ አልችልም። በማግስቱ ፎቶ ትነሳለች ስለተባለ እህቴ ፀጉሯን ቀባቻት፣ በእህቴ ሠርግ ቀን እናቴ የለበሰችውንም ቀሚስ አለበሰቻት።

ፎቶ አንሺው ትሑት ወጣት ነው። ቀሚሱን አይቶ በጣም እንደሚያምር ከተናገረ በኋላ፣ ችግሩን ግን አይገልጽም አለ። ቡትቶ ጠየቀን። እኛ ቤት ደግሞ፣ ክቡርነትዎን አሳፍሬ እንደሆነ ይቅርታ፣ ቡትቶ የለም። ዞር ዞር ብሎ ሱቄ ጥግ ያገኘው፣ ድሮ ደንበኞቼን የማለብሰውና አርጅቶ ወለል መወልወያ የሆነውን ጨርቅ ነበር። እሱን ደረበባት። እናቴ ስለማታይ ምን እንደለበሰች አላወቀችም፤ ለፎቶው ፈገግ ስትልም ፈገግታው እንዲቀር በአክብሮት ተነገራት። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ትከሻዋን ይዤ ነበር። ትንሽ ዞር እንድል ጠየቀኝ። አሁንም ትንሽ ዞር እንድል ጠየቀኝ። በመጨረሻ ከበሩ ውጭ ሆኜ ራሴን አገኘሁት። ሦስት ጣቶቼ ግን ቶሎ ስላልተነሡ ባነሩ ጠርዝ ላይ ቀርተዋል፤ አንድ ደንበኛዬ፣ ሌባ ኪሷ ሲገባ ነው፣ ሞቼ እገኛለሁ ብሎ ተከራክሮኛል።

ሁለተኛ፦ የሌላውን ሰው ችግር እንድናስብ ስላስተማራችሁን አመሰግናለሁ። እናቴ በመንግሥት ሆስፒታል ተመዝግባ ተራዋ ተቃርቦ ነበር። የፕሮግራም ኃላፊዋ ይህን ስትሰማ፣ አንድ ሰው ሁለት ዕድል መያዝ እንደሌለበት፣ ተራውን ረዳት ለሌላት ብትለቅ መልካም እንደሆነ በለሰለሰ አንደበት መከረችን። እናቴ ዓይኗን ሳታሽ ተስማማች። «ለሌላዋ ይሁን፤ እኔ ሰው አግኝቻለሁ» አለች። ይህን ስትል የነበራትን ኩራት ፎቶ አንሺው ባለማንሳቱ ዛሬም ይቆጨኛል።

ከዚያማ መጠበቅ ሆነ ሥራችን፤ ጥሪው ሲመጣ እንዳያጣት እናቴም በርጩማዋን ትታ ቤት ትውል ጀመር። በድርጅትዎ አሠራር «ከሕክምና በፊት» የተባለውን ፎቶ ያነሳው ሰው ነው «ከሕክምና በኋላ» የሚለውንም የሚያነሳው። ቦታው ያው፣ ማዕዘኑ ያው፣ ብርሃኑም ያው መሆን አለበት፤ አለዚያ ለጋሾች ለውጡ ከዓይኗ ይምጣ ከካሜራው አይለዩም ተባልን። ፎቶ አንሺው ለሥልጠና ውጭ አገር ሄደ። እሱ ሳይመለስ ቀዶ ጥገናው ቢደረግ፣ ፋሻው የሚፈታበት ቅጽበት ያመልጠናል አለችን ኃላፊዋ። ሌላ ፎቶ አንሺ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ፣ የሱን ዓይን የሚተካ የለም አለችኝ። ተመለሰ፤ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ክረምት ገባና የመጀመሪያው ፎቶ ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ ተባልኩ። እኔም ብርሃን ጠፋብን ለሚሉኝ ሰዎች አዝኜላቸው፣ ብርሃን ወደጠፋባት እናቴ ተመለስኩ።

ሦስተኛ፦ እናቴ ቤት ውስጥ እየጠበቀች ሳለ ሥራ ስላላስፈታችኋት አመሰግናለሁ። የዓይን ዘመቻው እንዳለቀ ያው ፎቶ ለውሃ ዘመቻ ወጣ፤ ባዶ ጄሪካን በኮምፒውተር አስይዛችኋት አየናት። ቀጥሎ ለአረጋውያን ብርድ ልብስ ተንቀጠቀጠች። ለደን ዘመቻው ከጉቶ አጠገብ ተቀመጠች። ለባዘኑ ውሾች ደግሞ ጭኗ ላይ ቡችላ ተደረገላት፤ እናቴ ውሻ ካየች መንገድ የምትቀይር ሴት ናት። የሰፈሩ ሰው እናትህ ሥራ በዛባት ሲለኝ፣ መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ። ተራዋ መቼ ነው ልል ቢሯችሁ ደጅ ጠንቼ ስገባ፣ ኃላፊዋ የዓይን ፕሮግራሙ በስኬት መጠናቀቁን አበሠረችኝ። ግን እናቴ አላየችም ብላት፣ ፊቷ ብዙ ሰው እየረዳ ስለሆነ ልኮራ እንደሚገባኝ ነገረችኝ። ክቡር ሆይ፣ ልኮራ ሞከርኩ። አንጀቴ እምቢ አለኝ እንጂ።

ወደ መንግሥት ሆስፒታሉ ተመልሰን የወረፋው ጭራ ላይ ተሰለፍን። ተራችን ሲደርስ ሐኪሟ ቀኝ ዓይኗ እንደሚድን፣ ግራው ግን ሞራው ከልክ በላይ በመቆየቱ ግፊት ፈጥሮ ነርቩን እንደጎዳው፣ ከእንግዲህም እንደማይመለስ ነገረችን። እስካሁን የት ነበራችሁ አለችኝ። ፎቶ አንሺ እየጠበቅን ነበር ማለት አፍሬ፣ ሰው እየጠበቅን ነበር አልኳት።

ፋሻውን የፈታችላት አንዲት ነርስ ናት። ከነርሷ፣ ከእህቴና ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም፤ መስኮቱም ቆሻሻ ስለነበር የክፍሉ ብርሃን ለፎቶ የሚሆን አልነበረም። እናቴ መጀመሪያ ነርሷን አየች፤ ቀጥሎ እህቴን፤ ቀጥሎ እኔን አይታ፣ ፀጉር አስተካካይ ሆኜ ይህን የመሰለ ጎፈሬ ተሸክሜ በመዞሬ ወቀሰችኝ። ከዚህ የተሻለ ቅጽበት አምልጧችሁ እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ በርጩማዋ ልመለስ ትላለች። እኔ ቢሯችሁ መጥቼ፣ እናቴ ከመምጣቷ በፊት ባነሩ ይውረድልኝ ብዬ ለመንኩ። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ውስጥ ገብታ ጠይቃ ስትመለስ፣ የዓይን ፕሮግራሙ ቢያልቅም የገንዘብ ማሰባሰቡ ስላላለቀ ባነሩ እንደማይወርድ፣ ይልቁንም ድርጅቱን ሳናሳውቅ እናታችንን በማሳከማችን ቅሬታ እንደተሰማችሁ ገለጸችልኝ። ቅሬታችሁን በአክብሮት ተቀብያለሁ። ለእናቴ ሱቁ ቀለም እየተቀባ ነው አልኳት። ቀለሙ ሲደርቅ መንገዱ ተቆፍሯል አልኳት። ትናንት እህቴ ደግሞ አንድ ጫማዋን ደበቀችባት። በዚህ ዕድሜያችን እናታችንን እንደ እስረኛ እየጠበቅናት ነው፤ ባነሩን ስታይ ምን እንደሚሰማት ሳስብ ሰው መላጨት ፈርቻለሁ።

አራተኛ፦

ክቡር ሆይ፣ አራተኛ ብዬ ጽፌ ደንበኛ ስለገባ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። የሰውየውን ግማሽ ጢም አንስቼ ቀና ስል፣ እናቴ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች፣ የእህቴን ጫማ አድርጋ፣ ብቻዋን መጣች። ሮጬ በሩ ላይ ቆምኩ። ሰላም አልኳት፣ ጉንጯን ሳምኳት፣ ባነሩን በጀርባዬ ልጋርደው ተንጠራራሁ። ሦስት ፎቅ የሚያክል ነገር በሰው ጀርባ አይጋረድም። ዞር በል እስቲ፣ መንገዱን ልየው አለችኝ። ዞር ማለት ለምጃለሁና ዞር አልኩ።

በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ በአንድ ዓይኗ ባነሩን ረጅም ጊዜ አየችው። ማንበብ አትችልም። መስታወታችን ያለው ሱቅ ብቻ ነውና ፊቷን ካየች ዓመታት አልፈዋል፤ ያን ፊት ደግሞ ድሮም አይታው አታውቅም፤ የእሷ አልነበረምና። እኔ እጠብቃለሁ። ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛም ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ በመስታወቱ ውስጥ አንዴ ባነሩን፣ አንዴ እሷን ያያል። ገብቶታል መሰለኝ፣ ከንፈሩን አልመጠጠም።

«ምስኪን» አለች እናቴ። «ልጅ የላትም እንዴ?»

«አላት» አልኳት።

«ታዲያ የታለ?»

ከጎኗ ነበርኩ፤ ምላጩን እንደያዝኩ ወደ ደንበኛዬ ቀሪ ጢም ተመለስኩ። ፎቶው ሲነሳ የት እንደነበርኩ ከእኔ ይልቅ ድርጅትዎ ስለሚያውቅ፣ አራተኛው ጉዳዬ ይኸው ጥያቄ ነው። በሚመችዎ ቀን ሱቄ ድረስ መጥተው፣ ፊት ለፊቷ ተቀምጠው፣ ልጇ የት እንደሄደ ቢያስረዱልኝ ውለታዎን አልረሳም። ከእንግዲህ ዘወትር በር ላይ ናት፤ በቀኝ ዓይኗ በኩል ቢመጡ ታይዎታለች እንጂ አታጣዎትም።

ጤናና ረጅም ዕድሜ፣ ለድርጅትዎም ከአጥሩ የሚረዝም ዓላማ እየተመኘሁ፣ ከባነሩ ግራ ጠርዝ እጅ እነሣለሁ፤

የሦስቱ ጣቶች ባለቤት፣
ጧሪ የሌላት እናት ወንድ ልጅ፣
ፀጉር አስተካካዩ

ማስታወሻ፦ እናቴ ዛሬ ወደ ቤት ለመሄድ ስትነሳ አንዴ ዞር ብላ አየችና፣ የሴትየዋ ጨርቅ የኛን ይመስላል አለች። ጨርቅ ይመሳሰላል ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ለእርስዎ ብናገር ግን ያ መወልወያ ከፎቶው ቀን ጀምሮ አልተመለሰልኝም፤ ወለሌም ፀጉር በፀጉር ሆኗል። በባልደረባዎ እጅ ቢልኩልኝ እወዳለሁ፤ ለመመለሱ ፎቶ አንሺው እስኪገኝ መጠበቅ አያስፈልግም።