ሁለት ዓይነት ዝምታ፦ የመምህርት አስመረት ፍትዊ የሕይወት ታሪክ (1955–2018 ዓ.ም.)

መምህርት አስመረት ፍትዊ ከአባታቸው ከአቶ ፍትዊ ሐጎስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተብርሃን ተስፋይ በግንቦት 1955 ዓ.ም. ዓዲግራት ከተማ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። ታላቃቸው ወይዘሮ ትርሓስ፣ ታናሻቸው ደግሞ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጓቸው አቶ ይሕደጎ ናቸው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በትውልድ ከተማቸው አጠናቀው አዲስ አበባ መጡ፤ በ1977 ዓ.ም. በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በ1982 ዓ.ም. ከአቶ ኣባይ ፀጋዘአብ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሄርሞንንና ዮሃናን አፈሩ። ኑሯቸውን የመሠረቱት ቦሌ ሩዋንዳ አካባቢ ነው።

ሥራ የጀመሩት የጥናት መረጃ በማጠናቀር ነበር። በአንድ የጤና ጥናት ላይ ባለፈው ወር ስንት ጊዜ ጤና ጣቢያ እንደሄደ ሲጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው “አልሄድኩም” ብሎ መለሰ፤ መልሱም ዜሮ ተብሎ ተመዘገበ። አለቆቻቸው አማካዩን አውጥተው ሕዝቡ ጤነኛ ነው ሊሉ ሲሉ እሳቸው አልፈርምም አሉ። “አልሄድኩም” ካለው ገሚሱ ያልታመመ፣ ገሚሱ ታሞ ጤና ጣቢያው የራቀው እንደሆነ፣ ሁለቱ ዜሮዎች ሳይለዩ የሚሰላ አማካይም ማንንም እንደማይወክል አስረዱ። በሙያው ድብልቅ ሥርጭት የሚባለው ይህ ሐሳብ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፋቸው ሆነ፤ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮም ሲያስተምሩት ኖሩ። ተማሪዎቻቸው “እማማ ድብልቅ” ይሏቸው ነበር። እሳቸውም እንዳልሰሙ ሆነው ያልፉና ፈተና ላይ ይበቀሏቸው ነበር።

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. አቶ ይሕደጎ ዓዲግራት ያለውን የአባታቸውን ቤት ጣሪያ ሊያሳድሱ ከላምበረት መናኸሪያ ሲሳፈሩ የሸኟቸው መምህርት አስመረት ነበሩ። “ስደርስ እደውላለሁ። እንደ ልማድሽ ሰው ፊት አታልቅሺብኝ” ብለዋቸው ሄዱ። ደርሰው ደወሉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጦርነቱ ተጀመረ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ክፍል ውስጥ ስልክ ሲጮኽ የማይወዱት መምህርት ከዚያ ወዲህ የራሳቸውን ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ማስተማር ጀመሩ። የማያውቁት ቁጥር ሲደውል ትምህርቱን አቋርጠው ያነሱት ነበር። ሊያጽናናቸው የመጣውን ሁሉ “ዝምታው ሁለት ዓይነት ነው። መደወል ያልቻለ ሰው አለ፣ የሌለ ሰው አለ” ይሉት ነበር። መስመሩ ሲከፈት የብዙ ቤተሰብ ስልክ ጮኸ፤ የእሳቸው ግን ዝም እንዳለ ቀረ። ስልኩ እየሠራ ጸጥ ብሎ የሚያልፈው እያንዳንዱ ቀን ሚዛኑን ከሁለቱ ዝምታዎች ወደ የትኛው እንደሚገፋው ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንቅልፍ የነሳቸውም ይኸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. ወይዘሮ ትርሓስ ተስፋ ቆርጠው ለቅሶ እንቀመጥ አሉ፤ ዕድሩ ተጠርቶ ድንኳን ተተከለ። መምህርት አስመረት በሩ ላይ ቆመው “በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ይግባ” አሉ። ያየ አልነበረም። “አስሙ፣ እኔ እንዳንቺ ሒሳብ አላውቅም። ወንድሜን ላልቅስበት፣ ፍቀጂልኝ” ብለው ታላቃቸው ለመኗቸው። አልፈቀዱም፤ ድንኳኑ ፈረሰ። በሁለቱም ዘንድ ፍቅር እንጂ ክፋት አልነበረም። ሆኖም እህትማማቾቹ ሳይነጋገሩ ከረሙ።

በ2017 ዓ.ም. መምህርት አስመረት በጉበት ሕመም አልጋ ሲይዙ ወይዘሮ ትርሓስ ሳይጠሩ መጡ። ስልኩን ቻርጅ የሚያደርጉት፣ ትራስጌ የሚያስቀምጡትም እሳቸው ሆኑ። በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኸና ሁለቱም ደነገጡ። ወይዘሮ ትርሓስ አነሱት፤ ደዋዩ ቁጥር ተሳስቶ ነበር። መምህርት አስመረት “መስመሩ እንደሆነ ይሠራል” አሉ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ።

መምህርት አስመረት ባለቤታቸውን አቶ ኣባይን፣ ልጆቻቸውን ሄርሞንንና ዮሃናን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ትርሓስንና ወንድማቸውን አቶ ይሕደጎን ትተው አልፈዋል። የአቶ ይሕደጎ ስም በሕይወት ካሉት ጋር እንዲነበብ የጠየቁት ወይዘሮ ትርሓስ ናቸው።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን መጠበቅና መጨነቅ በሌለበት ሥፍራ ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

አቶ ይሕደጎ በቃላቸው የሚያውቁት የመምህርት አስመረትን ቁጥር ብቻ ስለሆነ የመምህርቷ ስልክ ዛሬም ክፍት ሆኖ በሄርሞን እጅ ይገኛል። በጸሎቱ መካከል ቢጮኽ ይቅርታ እንጠይቃለን።