የእትዬ ለተብርሃን ቤት እና አሥሩ ሜትር

ሰኞ

ሦስት ጊዜ ለካሁት። ስምንት ሜትር ከስልሳ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ ብከፍተው የሚረዝም ይመስል አጥፍቼ ከፈትኩት። ያው ስምንት ሜትር ከስልሳ።

ደንቡ የሚለው አሥር ነው። አሥር ይሁን ብዬ የተከራከርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

በሥርዓት ልጻፈው፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ሊያሳብደኝ ነው። የምሠራው ናይሮቢ፣ መሃል ከተማ ባለ ትንሽ የፕላን ቢሮ ነው፤ ሥራዬ ካርታ መሥራት። ከተማው ከትልቁ ፓርክ ጋር የሚዋሰኑ ግቢዎች እንዴት መገንባት እንዳለባቸው የሚናገረውን የድሮ ደንብ አድሱልኝ ብሎ ለእኛ ሰጥቷል። ረቂቁ እንዲህ ይላል፦

– በፓርኩ በኩል ያለው አጥር ማዶውን የሚያሳይ ይሁን፤ ድፍን ግንብ ክልክል ነው።
– መብራት ወደ ዛፎቹ አይዙር።
– ፎቅ ወደ ፓርኩ በቀረበ ቁጥር እያጠረ ይሂድ።
– ከፓርኩ ወሰን እስከ አሥር ሜትር ምንም ቤት አይቁም። ቀድሞ የቆመ ካለ በሁለት ዓመት ውስጥ ይነሳ።

የመጨረሻዋን ስጽፍ ዓይኔ ላይ የነበሩት በኪሌሌሽዋ ሰፈር በኩል እየተግተለተሉ የሚመጡት ፎቆች ናቸው። እትዬ ለተብርሃን ትዝ አላሉኝም።

እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ቴሌ ኦፕሬተር ነበሩ፤ ናይሮቢ ከገቡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። የሚኖሩት ፓርኩ አጠገብ ባለ ትልቅ ግቢ ጓሮ ውስጥ፣ ባንዲት ትንሽ ቤት ነው። የግቢውን ባለቤት፣ አንዲት ኬንያዊት አሮጊትን፣ እስኪሞቱ አስታመው ነበርና አሮጊቷ በጠበቃ ፊት ወረቀት ጻፉላቸው፤ ቤቱ እስከቆመ ድረስ ለተብርሃን ትኑርበት የሚል። እስከቆመ ድረስ። የአሮጊቷ ልጆች ክፉ አይደሉም፤ ግን ግቢውን ሊያይ የሚመጣ ገዢ ጠፍቶ አያውቅም።

እኔን ከነሆዴ የተቀበሉኝ እኚህ ሴት ናቸው። ስድስት ዓመት አኑረውኛል። ልጄ ሕሊና ጨቅላ ሆና ያለቀሰችው እዚያ ጓሮ ነው። ስምንት ሜትር ከስልሳው ከቤታቸው ግድግዳ እስከ ፓርኩ ወሰን ነው። ቤታቸውን የሚያስነሳውን መስመር የሳልኩት እኔ፤ ቀይ ይሁን ብዬ ቀለሙን የመረጥኩትም እኔ።

ማክሰኞ

ዛሬ ያደረግሁትን ለማንም አልናገርም። እዚህ ግን ይጻፍ።

ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ መስመሩን ያዝኩና ገፋሁት። አንድ ሜትር ከግማሽ ወደ ፓርኩ። የፈጀብኝ ማስነጠስ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ ነው። ከሠላሳ አንድ ግቢ መሃል አንዷን ማን ያያል? ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ። ቤቷ ከቀዩ ወጥታ አረንጓዴው ውስጥ ገባች፤ እኔም ትንፋሽ አገኘሁ።

አለቃዬ ዋንጂሩ ከምሳ ስትመለስ የጫማዋን ድምፅ ከደረጃው ሰማሁና መለስኩት። የመለስኩት ጨዋ ሆኜ አይደለም፤ ፈርቼ ነው።

ካርታው ዓርብ ለኅትመት ይሄዳል አለች። ዓርብ! ጥሩ እየሠራሽ ነው ሴብ፣ ብላ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ። ሰብለ ይረዝምባታል።

ቤት ስገባ ሕሊና ፊቴን አይታ አወጣጣችኝ። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ዓለም ለእሷ ቀላል ናት። «ማሚ፣ ኢትስ ኖት ኮምፕሊኬትድ። ንገሪያቸው።» ለማን? ለዋንጂሩ ወይስ ለእትዬ ለተብርሃን? «ለሁለቱም» አለችና ወደ ስልኳ ተመለሰች።

ረቡዕ

ከሥራ በቀጥታ በማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ ወደ እትዬ ለተብርሃን። ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። በሩን ሲከፍቱ ደስ ብሏቸው «ጓለይ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ በቃ፣ ተውኩት። ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ አዲስ ቄስ፣ ስለ አንዲት እንቁላሏን እየጣለች ራሷ ስለምትበላ ዶሮ ሰማሁ። ለእኔ የሥራ ጉዳይ ተራ አልደረሰም፤ እንዲደርስም አልፈለግሁም።

ዶሮዎቹን ላይልዎት ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አጥሩ ኬይ አፕል የሚሉት እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፤ ናይሮቢ ውስጥ ያልወጋው ሰው የለም። ፊቱ ቆሜ ሳለ አንድ ነገር መጣብኝ። መጥረጊያውን አንስቼ እንጨቱን ወደ አጥሩ ውስጥ ሰደድኩት፤ ክንዴ እስኪቧጨር ገባ። ማዶ አልደረሰም።

አጥሩ ተስፋፍቷል። ኬይ አፕል ባስተካከሉት ቁጥር ይወፍራል እንጂ አይቀጥንም፤ ይህን ማንም የናይሮቢ አትክልተኛ ያውቃል። እኔ ግን ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ የአጥሩን ፊት፣ ከቤቱ በኩል ያለውን ጠርዝ፣ የፓርኩ ወሰን ብዬ ይዤዋለሁ። ትክክለኛው ወሰን ቢከን የሚሉት ነው፤ መሬት ውስጥ የተተከለ፣ አናቱ ላይ ብረት ያለው የሲሚንቶ ድንጋይ። በዝናቡ ወራት ወርደን እንፈልግ ሲባል «ምን ያደርጋል፣ አጥሩ ይታያል አይደል» ያልኩት እኔ ነኝ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

ቢከኑ ያለው አጥሩ ሆድ ውስጥ መሆን አለበት። ምን ያህል ገባ ብሎ? አንድ ሜትር ከሆነ ቤቷ አትድንም። ሁለት ከሆነ ትድናለች። እትዬ ለተብርሃንን አይተው ያውቁ እንደሆነ ልጠይቅ አልኩና ለምን ፈለግሽው ቢሉኝስ?

ስወጣ ስድስት እንቁላል በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ሐሙስ

ነገርኳት። ዋንጂሩ ቁጭ በይ ሳትለኝ ነገርኳት፤ ብቀመጥ የምተወው መስሎኝ።

ስለ አጥሩ ስነግራት እስክጨርስ ሰማች። ከዚያ የፈራሁትን ጠየቀች። «ቤቱ የማን ነው?»

እንደ እናቴ ናቸው አልኩ።

መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስለዚህ ስህተቱን ያየሽው የእናትሽ ቤት ሲሆን ነው። ሌላው ሠላሳ ግቢስ?»

እውነቷን ነው። ሠላሳው ሁሉ አጥር አለው፣ ሠላሳውንም ከአጥሩ ፊት ነው የለካሁት፤ የሌሎቹ ግን የሌሊት እንቅልፍ አልነሳኝም። ከተናገረችው ሁሉ ያቺ አንዲት ጥያቄ ነች የበላችኝ።

የተወሰነው፦ ኅትመቱ ይቆያል። ቀያሹ ኦቲየኖ ሁሉንም ቢከን ፈልጎ እንደገና ይለካል። እኔ ከዛሬ ጀምሮ ካርታውን አልነካም። የእትዬ ለተብርሃን ቤት ሲለካም ሜትር አልይዝም፤ የእጄ ጥላ እንኳ መስመሩ ላይ እንዳያርፍ።

ትባረር ይሆናል ብለው ባልደረቦቼ የሚንሾካሾኩ መሰለኝ። ምናልባት ስለ ምሳ ነበር የሚያወሩት።

ዓርብ

ዛሬ ለእትዬ ለተብርሃን ነገርኳቸው። ቆመው ነው የሰሙኝ።

«ማን ነው የሳለው?»

«እኔ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አሉ። «እንቁላሌን ይዘሽ የሄድሽው ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

ከመሬት ስር ብገባ በወደድኩ። በቤታቸው ላይ መስመር መሳሌን ሳይሆን በእንቁላሉ ነው የያዙኝ፤ ደግሞ ልክ ናቸው። በላሁት እኮ። ጠብሼ፣ በቃሪያ።

ከዚያ አሥር ሜትር ስንት እርምጃ እንደሆነ ጠየቁኝ። በእርስዎ እርምጃ ወደ ሃያ ይሆናል አልኩ። ነጠላ ጫማቸውን እየጎተቱ ከቤቱ ግድግዳ ተነስተው ወደ አጥሩ ቆጠሩ። አሥራ ሰባት ላይ እሾሁ ያዛቸው። እዚያው ቆሙ፤ ጀርባቸው ብቻ ይታየኛል።

«ደንቡ ግን ጥሩ ነው» አሉ ሳይዞሩ። «እነዚያ ፎቆች ወፉን ሁሉ አባረውታል።»

ምነው ቢሰድቡኝ።

ቅዳሜ

ኦቲየኖ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሁለት ሰዎች ጋር መጣ። ቀድሞ ሦስት ግቢ ለክቷል፤ በሁለቱ መስመሬ ተሳስቷል፣ በአንዱ ልክ ነው። ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ጥሩ ሰው ነው፣ ቀያሽ ፊት ነው ያለው።

እኔ ከአቮካዶው ዛፍ ስር፣ እጄን ኋላዬ አጣምሬ፣ እንደ ተቀጣች ተማሪ።

ሰዎቹ በቆንጨራ አጥሩን ይበሱ ጀመር። አንድ ሰዓት ሙሉ። እጃቸው ደማ፤ ቢከን የለም። ኦቲየኖ መሣሪያውን እያየ እዚህ ነው ይላል፣ እዚህ ደግሞ የዶሮ ቤቱ አለ። ተነቅሎ ጠፍቶ ይሆናል፣ ከጠፋ ነገሩ ወደ መሬት ቢሮ ይሄዳል፣ ወራት ይፈጃል አለ።

እትዬ ለተብርሃን ሻይ ይዘው መጡ። ለጠላትም ሻይ ያፈላሉ። «ምንድን ነው የጠፋባችሁ?» አሉ በስዋሂሊ። ኦቲየኖ በእጁ አሳያቸው፦ ይህን የምታህል የሲሚንቶ ድንጋይ፣ አናቷ ላይ ብረት።

«እሷማ የዶሮዎቼ ናት» አሉ። «ውሃ አስቀምጥባታለሁ። ብረቱ ጣሳውን ይይዘዋል፣ አይደፋም።»

አንዱ ሠራተኛ መሳቅ ጀመረ፣ ከዚያ ሁላችንም። የዶሮ ቤቱን የኋላ ቆርቆሮ አነሱት። ወደ አጥሩ ሆድ በተቆረጠች ዋሻ ውስጥ፣ ብረቱን እንዲቀበል ታቹ በጎደጎደ የዘይት ጣሳ ስር፣ በኩስ ነጭ ሆና ተቀምጣለች። ኦቲየኖ በጥፍሩ ፈቀፈቃት፤ ቁጥሯ ወጣ። ሠላሳ ዓመት ዶሮ አጠጥታለች።

ሜትሩን ዘረጉ። ከቢከኑ እስከ ቤቱ ግድግዳ አሥር ሜትር ከሰባ።

ሰባ ሴንቲ ሜትር። የእትዬ ለተብርሃን የዕድሜ ልክ ቤት በሰባ ሴንቲ ሜትር ቆመ። ዛፉን ተደግፌ ቁጭ አልኩ፤ እሳቸው «ኪዳነ ምሕረት» ብለው ሻዩን ቀዱ።

ኦቲየኖ ግን ሜትሩን አልጠቀለለም። ወደ አቮካዶው ዞረ። «ይህቺስ?»

ከዛፉ ስር፣ በፓርኩ በኩል ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተለጥፋ ያለች የቆርቆሮ ክፍል። ከሰማይ ፎቶው ላይ ቅጠሉ ሸፍኗታል። እኔ ግን ፎቶ አልነበረም የሚያስፈልገኝ፤ ስድስት ዓመት የተኛሁባት ክፍል ናት። ለእኔ ብለው ያሠሯት። እንዴት ረሳኋት?

ለካ። ጥልቀቷ ሁለት ሜትር ከሰማንያ። ከቢከኑ ያላት ርቀት ሰባት ሜትር ከዘጠና።

ጻፈ። እጄ ኋላዬ እንደተጣመረ ነበር።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አብረን ተመለስን። መንገድ ላይ ትንሽ ነው ያወራነው። አልተቀየሙኝም ማለት አልችልም፤ ግን ደረጃ ስንወርድ ክንዴን ያዙ።

ክፍሏን ከፈቱልኝ። አሁን የዶሮ መኖ ማስቀመጫ ናት። ኦቲየኖ ዋናው ቤት ሳይነካ ይህቺ ብቻ ልትነሳ ትችላለች ብሏል፣ ግድግዳው የቤቱ ነውና። ወረቀቱ የሚለው ቤቱ እስከቆመ ነው፤ ቤቱም ይቆማል። ደጋግሜ ነገርኳቸው። «ሰማሁሽ» አሉ።

ከዚያ አንዱን ከረጢት ጎትች አሉኝ። ከኋላው፣ ኖራ የተቀባው ግድግዳ ላይ፣ የእርሳስ ሥዕል አለ። የማታ ትምህርት በጀመርኩበት ዓመት፣ ወረቀት ሲያልቅብኝ የሳልኩት የመጀመሪያ ፕላኔ፤ የዚችው ክፍል። በሩ፣ መስኮቱ፣ የሕሊና አልጋ የነበረበት ጥግ። በደቃቅ ቁጥር ልኩ ተጽፏል።

«ቤቱን ሳስቀባ ሰውየውን ይህቺን ዝለላት ብዬዋለሁ» አሉ።

የክፍሏ ጥልቀት ላይ የጻፍኩት 3.00 ነው። ትናንት የወጣው ሁለት ከሰማንያ። ያኔም ተሳስቻለሁ፤ ማንም አልለካም እንጂ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ፤ እሳቸው ከረጢቱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ። ሦስቱን ሰረዝኩና ከጎኑ 2.80 ብዬ ጻፍኩ።

«ልትፈርስ እኮ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ» አልኩ።

የሚያፈርሱት ሰዎች በሩን እንዳይጥሉት ነገሩኝ፣ ለዶሮ ቤቱ ይፈልጉታል። የዶሮ ቤቱ ቢከኑ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለ ዶሮ ደንቡ ምን እንደሚል አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁም።

ስወጣ እንቁላል አልሰጡኝም። በሩ ላይ ግን «ረቡዕ ነይ፣ ያቺ ዶሮ እንቁላሏን መብላት ትታለች» አሉኝ። እሄዳለሁ። ከዚያ በፊት ሰኞ አለ፤ ዋንጂሩ ካርታውን ትመልስልኝ እንደሆነ አላውቅም።