ጉብታው ላይ ዲከረንስ አይተከልም

ለተወደድህ ልጄ ለትዕዛዙ፤

ሰላመ እግዚአብሔር ከአንተና ከቤትህ አይለይ። የጋምቤላ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ባለቤትህ እመቤትስ ከወባው ተሽሏታል? ሕፃኑስ ጥርስ አወጣ? እኔ ጉልበቴ ዳገት እንቢ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

በልጅነቴ ዜማ ስማር ደበሎ ለብሼ ውርጭ ላይ አድሬአለሁ፤ ቁራሽ ስለምን ውሻ ባቴን ዘንጥሎኛል፤ በሳትሁ ቁጥር የኔታ ገርፈውኛል። እናትህን ቀብሬ በማግሥቱ ማሕሌት ቆሜአለሁ። ከዚህ ሁሉ በአንዱ ስንኳ አላጉረመረምሁም። የአንተ መኪና ግን አናገረኝ።

ማክሰኞ ማለዳ ችግኝና ቆፋሪዎች የጫነ አይሱዙ ደጄ ቆመ። ሾፌሩ «ልጅዎ ልኮን ነው፤ ጉብታውን መንጥረን ዲከረንስ እንተክላለን» አለኝ። እኔ ሳልጠየቅ! የዲከረንስ ዛፍ ከሰል ስንቱን ቤት ቆርቆሮ እንዳለበሰ አውቃለሁ፤ አልነቅፈውም። ጉብታው ግን ነዋሪ አለው።

አምና አንዲት ተመራማሪ መጥታ ከአስታው ቁጥቋጦ ሥር ድንጋይ ገልጣ፣ ከስንዴ ፍሬ እምብዛም የማይበልጥ ጥቁር ጥንዚዛ አሳየችኝ። ክንፍ የለውም፤ ያለ ብርድም አይኖርም። ታች ሲሞቅበት ሸሽቶ እዚህ ደርሷል፤ ከዚህ በላይ መሬት የለም። ይህን ለማመን መነጽር አላሻኝም፤ ገብስ ብቻ ታውቅ የነበረችው ማሳችን በቆሎ አብቅላለች። አስታው ተመንጥሮ ድንጋዩ ከተፈነቀለ ያ ፍጥረት መግቢያ የለውም። የዓለሙን ሙቀት እኔ አልመልሰውም፤ በእኔ መሬት ላይ ግን ማንም አይጨምርበትም።

ይህንኑ ለቆፋሪዎቹ ስነግራቸው ጎረቤታችን አድማሴ ከአጥር ማዶ «መሪጌታ፣ ጥንዚዛው ግብር ይከፍልልዎታል እንዴ?» ብሎ ቆፋሪዎቹን አሳቀብኝ። «አንተም በድግስ እንጂ በመዋጮ ቀን አትታይም፤ ያም ሆኖ ከመንደር አላስወጣንህም» አልሁት። ሳቁ ወደ እሱ ዞረ።

እኅትህ ውብአየሁ እንኳ ያንተን ወገን ይዛ፣ ጣራችን እያፈሰሰ ለጥንዚዛ መሟገት ምን ይባላል ስትለኝ አርፍዳ ነበር። ቆፋሪው አስታውን በዶማ ሲመታ ግን ሄዳ ከፊቱ ተቀመጠች። «አባቴ አይሆንም ብለዋል። መቆፈርህ ካልቀረ ከእኔ ጀምር» አለችው። ዶማውን አወረደ። ችግኙን በታችኛው ማሳ አስተከልሁልህ፤ የላክኸው አልባከነም።

ትቆጣ ይሆናል፤ ተቆጣ። ሐሳቤን አልለውጥም።

ለእመቤት ሰላምታዬን አድርስ፤ ሕፃኑን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ለአማትህ ለወይዘሮ ደጊቱም አባቴ እጅ ይነሣሉ በልልኝ። ውብአየሁም ብትቀየምህም ናፍቀሃታል።

ኑዛዜዬን በንስሐ አባቴና በሽማግሎች ፊት ተናግሬአለሁ። የታችኛው ማሳ ከነዲከረንሱ የአንተ ነው። ጉብታው ከነአስታው፣ ከነድንጋዩና ከነጥንዚዛው የውብአየሁ ነው።

አባትህ መሪጌታ ኪዳኑ
ጥሊሊ፣ ሐምሌ ፲፪ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.