ግማሹ የእናንተ ነው

ማክሰኞ፣ ጥር 12

አባቴም አለበት። ሐኪሙን ደጋግሜ ጠየቅኩት፤ ደጋግሞ ያንኑ ነገረኝ። «ይህ በሽታ ከአንድ ወላጅ ብቻ አይመጣም። እናትሽም አባትሽም ሳያውቁት ተሸክመውታል። እነሱን አያማቸውም። ሁለቱም ለልጅ ሲያወርሱት ነው የሚወጣው።»

«አባቴ እኮ ከሌላ ሴት ጤነኛ ልጆች ወልዷል» አልኩት።

«ይወልዳል። ሴትየዋ ከሌለባት ልጆቹ አይታመሙም። እሱ የለበትም ማለት ግን አይደለም።»

ባለፈው ክረምት የወሰደው ደሜ ውጭ አገር ተልኮ ነው መልሱ የመጣው። ሰውነቴ ማስወገድ ያለበትን ነገር አያስወግድም፤ በየመገጣጠሚያዬ ይከማቻል። አሁን ደግሞ የእጄ አንጓ ላይ ነርቭ የሚያልፍበትን ቦታ አጥብቦታል። ለካ ሱቅ ውስጥ ዕቃ ከእጄ የሚወድቀው፣ ቁልፍ መቆለፍ ያቃተኝ፣ እጄ ደንዝዞ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ በዚህ ነው። «በሽታውን አላድነውም፤ እጅሽን ግን ላተርፍልሽ እችላለሁ» አለኝ። ነገ ቀኙን ይከፍተዋል።

ሌላው ነገር። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ጣቶቼ መታጠፍ ሲጀምሩ፣ የአባቴ እህት አስካለ «የእናቷ ዘር ነው፤ ከዚህች ሴት ጤነኛ ልጅ አታገኝም» አለችው። ጥሎን ድንበር ላይ ወዳለችው ቶጎጫሌ ሄደ፤ እዚያው አግብቶ ወለደ። አክስቴ በየሠርጉ በየለቅሶው «ይኸው፣ ከሌላዋ ደህና ወለደ» ስትል ኖረች። እማዬ ሌላ ባል አላገባችም። ጸበል ለጸበል ይዛኝ ስትዞር አደግኩ። «በእኔ ነው» ብላ አታውቅም፤ ግን እጄን ስታጥብልኝ ቀና ብላ አታየኝም።

እሑድ የአክስቴን ልጅ ሜሮንን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። አባቴ እንደ ታላቅ ተቀምጦ ዘር ሊቆጥር ከቶጎጫሌ ይመጣል። እሱ። ዘር ሊቆጥር።

እጄን በፋሻ እንደተጠቀለለ ይዤው እሄዳለሁ። ለእማዬ አልነገርኳትም። እዚያው ሰው ፊት ትስማው።

ረቡዕ፣ ጥር 13

በግራዬ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ዶሮ የጫረው መስሏል። ግራውም ቢሆን ደህና አይደለም።

ሙሉ ማደንዘዣ አልሰጡኝም። አንገቴ አጭርና ደረቅ ስለሆነ ለትንፋሼ ያሰጋል አሉ። እጄን ብቻ አደነዘዙት። በመሀል አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱ። ሆዳን የምትባለው ነርስ ራስጌዬ ቆማ «አባዮ፣ ወዲያ አትዪ፣ እኔን እዪኝ» ትለኛለች። በሱማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው።

«ጅማቱ የጫማ ሶል ሆኗል» አለ ሐኪሙ ከጨርቁ ማዶ። ከዚያ ሳያመኝ የሆነ ነገር ሲላቀቅ ታወቀኝ።

«ምን አስበሽ ነው የምትስቂው?» አለችኝ ሆዳን።

እሑድ ነበር ያሳቀኝ።

ዓርብ፣ ጥር 15

ያማል። አውራ ጣቴ አሁንም የሰው ነው የሚመስለኝ። ነርቭ ቶሎ አይነቃም፣ ታገሺ ብሎኛል ሐኪሙ። አልነቃም ብሎ ቢቀርስ?

ውጭ ነፋሱ አቧራውን እያነሳ በር ላይ ይደፋዋል። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ እሑድ የምናገረውን እመርጣለሁ።

«አባዬ፣ ከቆጠርክ አይቀር እኔንም ቁጠረኝ።» ይሄ ጥሩ ነው።

«ሐኪሙ ሰላም ብሎሃል።» አጭር ነው፤ ግን አይገባቸውም።

ወይም ዝም ብዬ እጄን ከፊቱ ጠረጴዛው ላይ ማስቀመጥ።

ሜሮንስ? እሷ ምን አድርጋኛለች? ምንም። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቢሄዱ የምትቀረው እሷ ናት። አስቤዋለሁ። ግን እማዬስ ምን አድርጋ ነበር?

ቅዳሜ፣ ጥር 16

አክስቴ ልትጠይቀኝ መጣች፤ ብርቱካን ይዛ። ፋሻውን አየችው እንጂ እኔን አላየችኝም። እማዬ ወንበር አቀረበችላት።

ስለ ነፋሱ አወራች፤ ስለ በግ ዋጋ አወራች። ከዚያ ለእማዬ «ዘነበች፣ እንግዶቹ ከድሬዳዋ ነው የሚመጡት፤ የተከበሩ ሰዎች ናቸው» አለች። «ሰብልዬም ደክሟታል። ነገ እዚሁ ብታርፉ ይሻላል። ምግቡን እልክላችኋለሁ።»

«እሺ፣ እትዬ አስካለ» አለች እማዬ።

ያቺ እሺ። አሥራ ሦስት ዓመት የሰማኋት እሺ። አክስቴ ገና ከግቢው ሳትወጣ አፌ አልታዘዝ አለኝ፤ ሁሉንም ለእማዬ ዘረገፍኩት።

ቆማ ነበር፤ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ከእሱም?»

«ከእሱም። እኩል።»

«ሐኪሙ እርግጠኛ ነው?»

«እርግጠኛ ነው።»

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ፤ ቀስ ብለሽ።»

ነገርኳት። አላለቀሰችም። እጇን አገላብጣ አየችው፤ የራሷን እጅ። ከዚያ «እነዚያ ሰዎች በስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለችኝ።

እሑድ፣ ጥር 17

ስንገባ አባቴ ነበር የሚያወራው። ነጭ ጋቢ ለብሶ መሀል ተቀምጧል፤ ወፍሯል። «አባታችን ወደዚህ አገር ወታደር ሆኖ የመጣ፣ የታወቀ ሰው ነው። በዘራችን የሚያሳፍር ነገር የለም» እያለ ነው። የሙሽራው ሽማግሌዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አባቴ እኔን ሲያይ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

አፌን ከፈትኩ። እማዬ ክንዴን ጨምቃ ያዘችኝ፤ እኔን አልፋ ወደ ፊት ወጣች።

«አባቶቼ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ነገር አቋረጥኩ» አለች። ድምፅዋ በምትሠራበት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ለሚጠይቃት ሰው የምታወራበት ድምፅ ነው፤ ከፍ አላለም። «ይህች ልጄ ናት። የእሱም ልጅ ናት። በሽታው ከእናቷ ዘር ነው ተብሎ ጥሎን ሄደ። አሁን ሐኪም በደም መርምሮ ከሁለታችን ነው ብሏል። እስከ ዛሬ ሙሉውን ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። ግማሹ የእናንተ ነው፤ ልመልስላችሁ መጣሁ።»

«ሴትየዋ አብዳለች፣ አውጧት» አለች አክስቴ።

ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የገፉት እጃቸውን አነሡ። ወደ አባቴ ዞረው «ልጅህ ናት?» አሉት።

ጋቢውን አስተካከለ።

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«ናት» አለ።

«ታዲያ ቅድም ስትቆጥር ለምን አለፍካት?»

ፋሻዬን አየ፣ ቀጥሎ ምንጣፉን። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ያንን ላብ አየሁት። ማንም አያነበውም ብዬ ልጻፈው፦ ደስ አለኝ። ጠጥቼ እንደ ረካሁ ደስ አለኝ።

ሽማግሌዎቹ «እንመካከር» ብለው ምግብ ሳይቀምሱ ተነሡ። ሜሮን ጓዳ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ፊቷን ላለማየት ቶሎ ወጣሁ።

በባጃጅ ተመለስን። ሰፈራችን ስንደርስ እማዬ «ላቡን አየሽው?» አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 19

ሜሮን መጣች። ዓይኗ አብጧል። አልተቀመጠችም።

«እኔ ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም።»

«ታዲያ ለምን በእኔ ቀን?»

«አባቴ በሌላ ቀን አይመጣማ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ ከአልጋ አልወረደችም፤ አባቴም ወደ ቶጎጫሌ አልተመለሰም፤ እነሱ ቤት ሳሎን ተኝቶ ጣራ ያያል። ይህንንም ስሰማ ደስ አለኝ፤ ግን የእሑዱን ያህል አልጣፈጠኝም፤ ሜሮን ፊቴ ታለቅሳለች።

«እኔም አለብኝ?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ሊኖርብሽ ይችላል፤ ላይኖርብሽም ይችላል። ስፌቴን የሚያወጣልኝ ቀን እጮኛሽን ይዘሽ ነይ፤ ሐኪሙን ጠይቁት።»

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ስፌቱ ወጣ። ሐኪሙ ዓይኔን አስጨፍኖ ጣቶቼን በጥጥ ነካካቸው። ሌባ ጣቴ አወቀ። መሀለኛውም አወቀ። አውራ ጣቴን ጉንዳን የሄደበት ይመስል ውርር አደረገው። «እሱ ነው የምንፈልገው» አለ። ግራውን በሌላ ጊዜ ይሠራልኛል።

ሜሮንና እጮኛዋ መጥተው ነበር። «ቢኖርብሽም አንቺን አያምሽም» አላት ሐኪሙ። «ልጆቻችሁ የሚታመሙት እሱም ካለበት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይገጥምም።» እጮኛዋ ብዙ የሚናገር ልጅ አይደለም። «የመጣው ይምጣ» ብሎ የሜሮንን ቦርሳ ተቀበላት። ሽማግሌዎቹ ጾም ሳይገባ፣ የፊታችን እሑድ ይመለሳሉ። እኒያ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ አንድ ነገር ብቻ ልከዋል፦ «የዚያች እጇ የታመመ ልጅ እናት በሌለችበት አንቀመጥም።»

ስወጣ አባቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ሜሮን ነግራው መሆን አለበት። ጺሙን አልተላጨም።

«እጅሽ እንዴት ነው?»

«ይነቃል ብለዋል።»

«ሰብልዬ፣ ይቅር በይኝ። አላወቅኩም።»

«አልጠየቅክም» አልኩት። ዝግጁ አድርጌ ይዤው አልነበረም፤ ወጣ። «እኔን አትለምነኝ። እማዬን ለምናት። ቤታችን ደጃፍ ላይ መጥተህ በሹክሹክታ አይደለም። እሑድ፣ አክስቴ እየሰማች፣ እነዚያ ሰዎች ባሉበት።»

«እሺ» አለ። የሱን እሺ ከዚህ በፊት ሰምቼው አላውቅም፤ ስንት እንደሚያወጣ አላውቅም። አላቀፍኩትም።

ለእማዬ ነገርኳት። «አልሄድም» አለች። «የምፈልገውን ተናግሬያለሁ። ደግሞ ከነሱ ጋር ቁጭ ልበል?»

እንዲህ ካለች በኋላ የሐበሻ ቀሚሷን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታዋለች። ነፋሱ እንዳይወስደው በየጫፉ መቆንጠጫ አድርጋበታለች።