የግራ እግር ጫማ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ልጄ ይድረስልኝ።

እንዴት ነህ? እንዴት ከረምክ? ያ ትከሻህስ ብርድ ሲሆን ይነሳብሃል ወይስ ተሻለው? ሚስትህ እንዴት ናት? ያቺ በፎቶ ብቻ የማውቃት ጥርስ የለሽ እመቤት ጥርስ አወጣች? አማትህስ ወገባቸው እንዴት ሆነላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስቀመጥና ስነሳ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጥ ከማለቱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ናፍቆቱን አልጽፈውም፤ እሱን ከጀመርኩ ወረቀቱ ለሌላው አይተርፍም።

ይህን ደብዳቤ በራሴ እጅ ነው የምጽፈው። እስከ ዛሬ የምትጽፍልኝ የአውቶቡሷ ሾፌር ነበረች። ግን እሷ የምላትን እያለሳለሰች ትጽፋለች። "ገደል ይግባ" ስላት "ፈጣሪ ይይለት" ብላ የምታሰፍር ሴት ናት። የዛሬው ነገር እንዲለሳለስ አልፈልግም። ስለዚህ ፊደሉ ቢንጋደድ አትሳቅብኝ፤ ሐሳቡ ቀጥ ያለ ነው።

ባለፈው "አባዬ፣ ያን ነገር ተወው፤ እኔም ትቼዋለሁ" ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አልተውኩትም። እናትህ ነፍሷን ይማርና ብትኖር ኖሮ ክንዴን ይዛ ታስተወኝ ነበር። የለችም፤ ስለዚህ የሚይዘኝ አልነበረም። ከሥሩ ልንገርህ።

አንተ ከሄድክ በኋላ እዚህ ወንዝ ላይ ስምህ መሳቂያ ሆኖ ነበር። ይሄ በረሃ እንደሆነ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ሲቅም ይከርምና፣ ሩቅ ተራራ ላይ በረዶው ሲቀልጥ ወንዙ ቀልቶ እያገሳ ይመጣል። እንግዶቹም በአውቶቡስ ይጎርፋሉ፤ ሄልሜት ደፍተው፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያቸውን አጥብቀው፣ በጎማ ጀልባና በካያክ ያን አረፋ የሚደፍቅ ውሃ ሊጋልቡ። ታዲያ አንድ ቀዛፊ ትእዛዝ በሳተ ቁጥር "ምነው፣ የጎሚስታው ልጅ ሆንክሳ! ጆሮህን ቤት ረሳኸው?" ይባላል። እኔ ከመጠገኛው ጥላ ሥር ጎማ እየፋቅሁ ይሄን እሰማለሁ። አንዳንዱ እኔን ሲያይ አፉን ይይዛል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ድምፁን ከፍ ያደርጋል።

ባለፈው የውሃ ወራት ማለቂያ ላይ ሾፌሯ፣ ያቺ ፍሬን የለሽ የምትሏት፣ ከታችኛው አሸዋ ጀልባና ሰው ጭና የምትመልሰው፣ የአውቶቡሷን ጎማ ልታስጠግን መጣች። ጨርሼላትም አልሄድ አለች። "አባባ፣ አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ከረመ" አለች። "ትል ነው፣ መድኃኒት ጠጪበት" አልኳት። አልሳቀችም። ከዚያ አንተ ያልነገርከኝን ነገረችኝ።

ያን ጀልባችሁ የተገለበጠ ቀን ከላይ መንገዱ ላይ ቆማ ታይ ኖሯል። ወፍጮው ላይ፣ ውሃው ሰውን እንደ እህል በሚፈጭበት በዚያ የድንጋይ ጉሮሮ፣ ከኋላ ተቀምጦ ጀልባውን የሚመራው ባለ ኮፍያው ነበር። የድርጅቱ ባለቤት ነውና "ካፒቴን በሉኝ" ይላል፤ እኔ ኮፍያውን እንጂ ካፒቴንነቱን አይቼለት አላውቅም። በግራ መግባት ሲገባው በቀኝ አስገባችሁ። ጀልባው ድንጋዩን ሲነካ ትንፍሽ ሳይል ዘሎ ድንጋዩ ላይ ወጣ። መሪ ያጣው ጀልባም ተገለበጠ። ትከሻህ የወለቀው ከጀልባው ሥር ገብተህ ያቺን እንግዳ ሴት በሰደርያዋ ጎትተህ ስታወጣ ነው።

የቀዛፊውን ደንብ እኔም አውቃለሁ። ጀልባ የገለበጠ ወይም ወድቆ የዋኘ ሰው ታች አሸዋው ላይ በሰው ሁሉ ፊት ይቆምና እንዴት እንደወደቀ ይናገራል። ከዚያ የራሱን እርጥብ ጫማ አውልቆ፣ ወንዙን በጫማው ቀድቶ ይጠጣል። ይሳቃል፣ ይጨበጨባል፣ ያልቃል። ጨዋታ ነው። ባንተ ላይ ግን ጨዋታ አልነበረም። ባለ ኮፍያው ጆሮህ ሥር ተለጥፎ "ትእዛዝ አልሰማሁም በልና ጠጣ፤ አለዚያ ሳይመሽ አባትህን ከነጎማው ከመጠገኛዬ አወጣዋለሁ" አለህ። ሾፌሯ አጠገባችሁ ጀልባ ስትጭን ነበረች። አንተም አንድ ክንድህ ተንጠልጥሎ ጠጣህ።

ልጄ፣ እኔን መያዣ አደረገኝ! ለመሆኑ ጥላ ለምኜህ አውቃለሁ? እሱ ሳይወለድ ሜዳ ላይ ፀሐይ እየጠበሰኝ ጎማ የጠገንኩ ሰው ነኝ። አንተ ግን ሁሉንም በሆድህ ይዘህ "እዚያ ጥሩ ሥራ አገኘሁ" ብለኸኝ ሄድክ። ውሃን እንደ ሰው ፊት የምታነብ ልጅ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ትሸከማለህ፤ ያውም በዚያ ትከሻ። ሾፌሯን "እስከ ዛሬ አፍሽን ምን ዘጋው?" ስላት "ልጆች አሉብኝ፤ የአውቶቡሱ ቁልፍ የሱ ነው" አለችኝ። እሷን ምን ልበላት። ቂሜን ግን ቋጠርኩ። የደረቁን ወራት ሁሉ ጥርሴን ነክሼ፣ እሱን ሳይ እጅ እየነሳሁ ከረምኩ።

ውሃው ሊመጣ ሲል ጀልባዎቹን ለጥገና አመጣልኝ። ከነሱ መሐል የራሱ ካያክ አለች፤ በአየር የምትነፋ፣ አንድ ሰው የምትይዝ ቢጫ። አዲስ እንግዶች በመጡ ቁጥር በሷ ለብቻው ወፍጮውን ይወርዳል፤ ታውቀው የለ፣ መታየት ይወዳል። ሆዷ ተሰንጥቋል። "አባባ፣ እጅህን አሳምርልኝ፤ ሕይወቴ በእጅህ ናት" ብሎኝ እየሳቀ ሄደ። እውነቱን ነው። ሰይጣን ትከሻዬ ላይ ተፈናጦ "ሙጫውን ቀጠን አድርጋት" ሲለኝ ዋለ። አልዋሽህም፣ ሰማሁት። ግን ይሄ ሰውዬ ከሞተ ማን ሊጠጣልኝ ነው? ደግሞስ "ጎሚስታው አበላሸው" ይባልልኝ? ስለዚህ በዕድሜዬ ሠርቼ የማላውቀውን ሥራ ሠራሁላት። ፍቄ ፍቄ፣ ደርቤ ለጥፌ፣ ድንጋይ ጭኜባት አደረቅኋት። የሚወድቅ ለት ከራሱ በቀር የሚያሳብብበት እንዳያገኝ ብዬ ነው።

ከዚያ ጥበቃ። እሱ በሚወርድበት ቀን ሁሉ ሥራዬን ትቼ ታች አሸዋው ላይ አሮጌ ጎማ ላይ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ አካባቢ ቀንቶት በሰላም ወረደ፤ ሰው አጨበጨበለት፣ እኔም አጨበጨብኩ። ቀዛፊዎቹ "አባባ በእርጅናቸው ውሃ መውደድ ጀመሩ" ይሉኛል። "ዓሣ እየጠበቅሁ ነው" እላቸዋለሁ። አንተ "ለፈጣሪ ተወው" ብለኸኝ አልነበር? ትቼለት ነበር፤ እሱ ሲዘገይ ነው ጎማ ይዤ አብሬው የተቀመጥኩት።

አንድ ቀን ወንዙ ከወትሮው ሞላ። ከድልድዩ ማዶ ያለው የሌላው ድርጅት ቀዛፊዎች ውሃውን አይተው ጀልባቸውን መለሱ። ባለ ኮፍያው ግን እንግዶች ካሜራ ደግነውለት እንዴት ይቅር? ገባ። ወፍጮው ዋጠው፣ ተፋው፣ ደግሞ ዋጠው። በመጀመሪያ ካያኳ ባዶዋን መጣች፤ መቅዘፊያው ተከተላት፤ ከሁሉም በኋላ እሱ እንደ ረጠበ ድመት እየሳለ ወጣ። በሕይወት መውጣቱን ሳይ ደስ አለኝ፤ ለሱ ብዬ እንዳይመስልህ።

ቀዛፊው ሁሉ "ጫማ! ጫማ!" ማለት ጀመረ። እሱ እጁን አነሳና "ቆይ፣ ቆይ፣ እኔ አልወደቅሁም። ጀልባዋ ናት የተነፈሰችብኝ። የሽማግሌው ጥገና ከዳኝ፤ ዓይኑ ደክሟል፣ ምን ይደረጋል" አለ። ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አየህ ልጄ፣ ልጁን ባጠጣበት አሸዋ አባቱን ሊያጠጣ!

ብድግ አልኩ። "በውሃ ይታያ!" አልኩ። መጠገኛዬ ውስጥ ጎማ ይተነፍሳል አይተነፍስም ብሎ የሚከራከር የለም፤ ገንዳ ውስጥ ይነከራል፣ ቀዳዳ ካለ አረፋው ይናገራል። "የዛሬው ገንዳ ሰፊ ነው" ብዬ ወንዙን አሳየኋቸው። የሌላው ድርጅት ልጆች ካያኳን ውሃው ጸጥ ወደሚልበት ወስደው በጎኗ ገለበጧት፤ ጥገናው እስኪሰጥም ተንጠላጠሉባት። ሰው ሁሉ አጎንብሶ አየ። አንዲት አረፋ የለችም። አንዱ ቀዛፊ "ካፒቴን፣ ይቺማ ምስጢር ጠባቂ ናት፤ ትንፍሽም አላለች!" ሲል እንግዶቹ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ።

ባለ ኮፍያው የሚገባበት ጠፋው። ጨዋታ ለማስመሰል እየሞከረ የቀኝ ጫማውን አወለቀ፣ "ውሃው በለጠኝ" አለ፣ ጠጣ። ተጨበጨበለት። ሊሄድ ሲዞር "የግራውስ?" አልኩት። "የምን ግራ?" አለኝ። "የቀኙ የዛሬው ነው። የግራው የልጄ ነው። እሱንም እንደ ደንቡ ተናግረህ ጠጣ" አልኩት። "አባባ፣ ዕድሜዎን አከብራለሁ፤ እባክዎን ይቀመጡ" አለኝ። ስንት ዘመን አንተ ሲለኝ የኖረ ሰው ያኔ አንቱ አለኝ! "አልቀመጥም፤ ካልጠጣህ እኔን ከዚህ የሚያነሳኝ ቃሬዛ ነው" አልኩት።

ይሄኔ ፍሬን የለሽ የአውቶቡሱን በር ደርግማ ዘግታ ወረደች። "ከመንገድ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ቀድሞ የዘለለው እሱ ነው" አለች። ቀጥሎ ያን ቀን መሐል ወንበር ላይ የነበረው ቀዛፊ "እኔም ትእዛዝ አልሰማሁም፤ ትእዛዝ የታለና!" አለ። ባለ ኮፍያው ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ ካሜራዎቹን አየ። አሸዋው ላይ ቁጭ ብሎ የግራውን ማሰሪያ መፍታት ጀመረ። ቋጠሮው እምቢ አለው፤ ማንም አላገዘውም። "ወፍጮው ላይ ቀድሜ የዘለልኩት እኔ ነኝ። የጎሚስታው ልጅ ጥፋት የለበትም" አለ። "አልተሰማም" አልኩት። ተሰምቶ ነበር፤ ይድገመው ብዬ ነው። ደገመው፣ ጠጣም። እያንዳንዷ ጉንጭ በጉሮሮው ስትወርድ ቆሜ አየሁ። ማንም አላጨበጨበም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፣ ልጄ። ኃጢአት ነው ትለኝ እንደሆነ ይሁን፤ ጣፋጭ ኃጢአት ነው።

በማግስቱ ዕቃዬን አውጥቶ ፀሐይ ላይ ደረደረው። ጠብቄው ነበርና ገንዳዬንና መንፊያዬን ይዤ ድልድዩን ተሻገርኩ። ፍሬን የለሽም ቁልፉን ወርውራለት ወጥታ አሁን ለሌላው ድርጅት ትነዳለች፤ ጎማቸውንም ወደኔ ታመጣለች። ቀዛፊዎቹም አንድ አንድ እያሉ እየተውት ነው። የጎሚስታው ልጅ የሚል ቀልድ ቆሟል። ትናንት አንድ ጀማሪ ከጀልባ ቀድሞ ሲዘል "ኮፍያህ የታለ?" ሲሉት ሰማሁ።

ታዲያ አሁን ባለ ኮፍያው ሽማግሌ ላከብኝ። የዳቦ ቤቱ ባለቤትና ጡረታ የወጣው ነርስ መጥተው "ልጁ ወደ ሥራው ይመለስ፣ የመሪነቱን ቦታ እሰጠዋለሁ፤ ብቻ ይቅር በሉኝ ይላል" አሉኝ። "አልልም" አልኩ። "ይሄ ሰው ውሃ ጠጣ እንጂ መች ትከሻው ወለቀ?" አልኳቸው። ነርሱ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የተበደለው ልጅህ ነው። አንተ ምስክር ነህ እንጂ ባለጉዳይ አይደለህም።" ባለጉዳይ አይደለህም! ይታይህ! ያን ሁሉ ወራት ጎማ ላይ ተቀምጬ! አባርሬያቸው ስቀመጥ ግን ቃሉ እንደ እሾህ ቆየብኝ። ስለዚህ ሳልወድ በግዴ ይኸው ጠየቅሁህ። ይቅር ትለዋለህ ወይስ አትለውም?

አትበለው። የኔ ምክር ይሄ ነው። ምክሬን እንቢ ብለህ የእናትህ ልጅ ከሆንክ ግን በወረቀት ልከህ አትገላገለኝ፤ በወረቀት የመጣ ይቅርታ አላነብም፤ ለሽማግሌዎቹም አላደርስም። ውሃው ሳይጎድል ራስህ ና። እዚያው አሸዋ ላይ፣ ያን ቀን ያዩህ ሁሉ ባሉበት ቆመህ፣ ፊቱን እያየህ በለው። እኔ እጁን አልጨብጥም፣ ፊቱንም አላይም፤ ጀርባዬን ሰጥቼው እቆማለሁ። ግን እቆማለሁ፤ አጠገብህ።

ሚስትህን እንደ ልጄ ሳምልኝ፤ ትከሻህን በሙቅ ዘይት ታሽልህ። አማትህን እጅ ነስቻለሁ፤ ወገባቸውን ይጠብቁ። ያቺን እመቤት ሁለቱንም ጉንጭ ሳምልኝ፤ ስትመጣ ይዘሃት ናና አያቷን ትንከሰው። ፍሬን የለሽ ሰላም ብላሃለች። ለዓይንህ ያብቃኝ።

አባትህ ጎሚስታው

ከድልድዩ ማዶ፣ ከአዲሱ መጠገኛዬ
ሐምሌ ፭ ቀን